ጎጃሜው ተንኮለኛ፣ ወሎዬዋ ቆንጆ፦ ገጸ ባሕሪ ስንጽፍ የአገር ሐሜትን ምን እናድርገው?

ከዓመታት በፊት አንድ አጭር የሬዲዮ ድራማ ጽፌ ነበር። ውስጡ አንድ ደብተራ አለ። ቤተሰብ ያጣላል፣ ክታብ እየጻፈ ገንዘብ ይለቅማል፣ እዚህ ያለውን እዚያ ሄዶ ይክዳል። አገሩን የት ላድርገው ብዬ አንድ ደቂቃ እንኳን አላሰብኩም። ጎጃም አልኩ። አለቀ።

ጽሑፉን ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው። የጎጃም፣ የደጀን ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን እጥፍ አድርገው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጎጃሜ ስለሆነ ነው ተንኮለኛ የሆነው። ሌላ ምክንያት የለውም።»

«ጋሼ፣ ቀልድ እኮ ነው» አልኩ።

«ገብቶኛል» አሉና ቡና ቀዱልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለአጭር ልቦለድ፣ ለተከታታይ ድራማ ወይም ለቲክቶክ ቀልድ ሰው ለምትፈጥሩ ነው። ገጸ ባሕሪው ስለ አገሩ ከሚወራው ጋር ይመሳሰል ወይስ አይመሳሰል? እኔ የማያቸው አምስት ያህል መንገዶች አሉ። ሁሉም እኩል ናቸው ብዬ አላስመስልም፤ የምወደውንም የምጠላውንም እናገራለሁ።

ሐሜቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎንደሬ ኩሩና ጀግና። ጎጃሜ ቅኔ አዋቂ፣ ግን ሆዱ አይታወቅም። ወሎዬ ቆንጆና ደግ። መንዜ ቆጣቢ፣ ሙግት ወዳድ። ጉራጌ ነጋዴ። የድሬ ልጅ ግድ የለሽ። አዲስ አበቤ አራዳ፣ አፉ ብቻ። የተማረ ሰው ስቴሪዮታይፕ ይለዋል። እኔ የአገር ሐሜት ማለት ይቀለኛል። እንደ ማንኛውም ሐሜት ጥቂት እውነት አለበት፤ ማን እንደጀመረው ግን አይታወቅም።

አንድ ሱቅ፣ አምስት አጻጻፍ

በባዶ ከማወዳደር አንድ ትዕይንት ይዘን እንየው። ቦታው መርካቶ ነው። ጊዜው መስከረም መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል። አንዲት እናት ለልጇ ቦርሳ ልትገዛ ገባች። ተከራከረች፣ ተስማማች፣ ገንዘቧን ቆጠረች። ሃምሳ ብር ጎደላት። ባለሱቁ ጉራጌ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ሐሜቱን እንዳለ መቀበል ነው። ባለሱቁ «እማዬ፣ እኔም በገንዘብ ነው ያመጣሁት» ብሎ ቦርሳውን መልሶ ይሰቅለዋል። ተመልካች ይስቃል። ይህ መንገድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ፈጣን ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ ያላችሁ ከሆነ ሰውየውን ለማስተዋወቅ ጊዜ አታባክኑም፤ ሐሜቱ ቀድሞ አስተዋውቆላችኋል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሥራውን የሠራው ሐሜቱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ይዞት ይመለሳል። ቀልዱን ያየው የሰፈር ልጅም ሰኞ ትምህርት ቤት ይዞት ይሄዳል፤ እዚያ የሚለጥፍበት ሰው አያጣም።

ሁለተኛው መገልበጥ ነው። ባለሱቁ «ውሰጂው፣ በነፃ ነው!» ይላል። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ ቆሞ ራሱን ያመሰግናል። ሐሜቱን ሰበርኩት ይላል። አልሰበረውም። አስገራሚ የሆነው እኮ «ጉራጌ ሆኖ ሳለ» ስለተባለ ብቻ ነው። ሐሜቱን ከታሪኩ ብታወጡት ትዕይንቱ ባዶ ይቀራል። ፈሪ ጎንደሬ፣ የዋህ ጎጃሜ፣ ክፉ ወሎዬ፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ከቀጥታው በጣም የተሻለ አይመስለኝም፤ ጃኬት ገልብጦ እንደመልበስ ነው፣ ጃኬቱ ያው ነው።

ሦስተኛው ዝም ማለት ነው። ባለሱቁ ባለሱቅ ነው፤ አገሩ አይነገርም። ዛሬ «አገርህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደ ድሮው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ዝም የሚለውን ጸሐፊ ፈሪ ልለው አልችልም። ታሪኩ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሕመም ወይም ስለ ፍቅር ከሆነ የባለሱቁ አገር ምን ይሠራል? ግን ዝምታ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ስም ብቻውን ግማሹን ይናገራል። አንዳንዴ ደግሞ ያደናግራል፤ ወሎ ሄዳችሁ ሰይድ ታደሰ የሚባል ሰው ብታገኙ ማንም አይደነቅም። አነጋገርም ይናገራል። ሌላም አለ። አገር የሌለው ሰው እየጻፍን ነው ስንል፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው አዲስ አበቤ ነው። እሱ ብቻ ነው «ሰው» ተብሎ የሚያልፈው። ሌላው ሁሉ «የዚህ አገር ሰው» ይባላል።

አራተኛው ሐሜቱን ትቶ ሐሜቱን የወለደውን ነገር መያዝ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የጉራጌ አገር እንሰት የሚበላበት፣ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ የሆነበት አገር ነው። ወጣቱ በእግሩ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ቀን ሥራ ይሠራል። ሊስትሮ ይሆናል። ከዚያ ሱቅ በደረቴ፤ ማስቲካና ክብሪት በደረቱ አንጠልጥሎ ይዞራል። እሱ ከተሳካ ጠባብ ሱቅ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት የሚያስራቸው አንድ ቀን አለ፤ መስቀል። በመስቀል አገር ቤት ይገባል። ባዶ እጅ አይገባም። በሬው በመዋጮ ነው፣ ቅቤው አለ፣ የእናት ልብስ አለ። በከተማ «ቆጣቢ» የሚባለው ሰው አገር ቤት ሲደርስ የሚበትነውን ያየ ሰው ቆጣቢ አይለውም።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ቀኑ መስከረም 4 ነው። ለመስቀል 13 ቀን ቀረው። ባለሱቁ ቦርሳውን ለሴትየዋ ሰጣትና «ሃምሳውን ከመስቀል በፊት አምጪ» አላት። ስትወጣ ደግሞ ከኋላዋ ጠራት። «ከመስቀል በፊት ግን።» እሷ ለምን ሁለቴ እንዳለ አልገባትም። እኛ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ካርቶን አይተናል፤ ለእናቱ የገዛው ጋቢ አለበት፣ የበሬው መዋጮ ደግሞ ገና አልሞላም። ይህ ሰው ገንዘብ ይቆጥራል፤ ከሐሜቱ ጋር ይመሳሰላል። ግን የሚቆጥርበት ምክንያት የራሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ይህን ሁሉ ታሪክ በባለሱቁ አፍ እንዳታስተርኩት። ጋቢው ይበቃል።

አምስተኛው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ሐሜቱን ከሰውየው አጥንት አውጥታችሁ በሌላ ሰው አፍ ውስጥ አድርጉት። ሴትየዋ ቦርሳውን ይዛ ወጣች። በር ላይ ለጓደኛዋ «ጉራጌ አይደል እንዴ፣ ሃምሳ ብር ይረሳል ብለሽ ነው?» አለቻት። ባለሱቁ ሰማ። ቦርሳ እየሰቀለ ነበር፤ እጁ ቆመ። ከሦስት ቀን በኋላ ሴትየዋ በሱቁ በኩል ስታልፍ ተያዩ። እሷ ረስታለች። እሱ አልረሳም፤ ግን አልጠየቃትም። ያቺን ቃል ድጋሚ ላለመስማት ሲል ሃምሳውን ተወው። የሌሎችንም ዱቤ መጠየቅ ከበደው። የበሬው መዋጮ ጎደለ። አገር ቤት ሲገባ ታላቅ ወንድሙ «ከተማ ለመድክ፣ እጅህ አጠረ» አለው።

እዚህ ላይ ሐሜቱ የሰውየው ጠባይ አይደለም። በሰውየው ላይ የደረሰ ነገር ነው። አንድ ክስተት ነው፤ እንደ ዝናብ፣ እንደ ሌባ ታሪኩን ያንቀሳቅሳል። ሐሜቱ እውነት ነው ወይስ ውሸት ብላችሁ መፍረድም አይጠበቅባችሁም። ማን አለው፣ ለማን አለው፣ የተባለበት ሰው ከዚያ በኋላ ምን አደረገ፤ ይኸው ነው።

ምስጋናም ሐሜት ነው

ስድቡን ሁሉም ይጠነቀቃል። ምስጋናውን ግን ማንም አይጠረጥርም።

ወሎዬዋን ተመልከቱ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ነው። ዘፈኑ ሁሉ ስለ ወሎ ልጅ ነው፣ ስለ አንገቷ፣ ስለ ፀጉሯ፣ ስለ አነጋገሯ። ታዲያ በድራማ ስትመጣ ካሜራው ይዘገያል። ቡና ትቀዳለች። ፈገግ ትላለች። ተቆጥታ አይተናት አናውቅም። ሒሳብ ስትሠራ፣ ስትዋሽ፣ ሲሰለቻት አላየንም። ማንም አልሰደባትም፤ ሰው ግን አልሆነችም። እንዲያውም የተሰደበው ደብተራዬ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ የሚሠራው ነገር ነበረው።

እዚህም አራተኛው መንገድ ይሠራል። ዛሬ ስድሳ ዓመት ያለፋትን ወሎዬ አስቡ። በ1977 ሃያ ዓመቷ ነበር። ዓለም ወሎን ያወቀው በቁንጅና አይደለም፤ በዚያ ዓመት ከኮረም በወጣው የረሃብ ምስል ነው። በ1966 ደግሞ ሕፃን ሆና ሌላውን ረሃብ አይታለች። ይህች ሴት እንግዳ ሳይበላ ከቤቷ አይወጣም። «ኧረ በሞቴ» ብላ ታጎርሳለች። ሐሜቱ ደግ ይላታል፣ ትክክል ነው። ግን ልጇ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልጋዋን ሲያነሳ ከሥሩ አንድ ጆንያ ሽንብራ ያገኛል። ነቅዞ። «እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይላታል። «ተወው» ትላለች። ደግነቷና ፍርሃቷ ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። ይህችን ሴት እንድትጽፉልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ ድሬ ልጅ አጭር ነገር ልበል። ሐሜቱ ሰዓት አያውቅም፣ ከሰዓት በኋላ ከጫት በቀር ሥራ የለውም ይላል። ድሬዳዋ ግን የተወለደችው በ1895 ባቡር ሲደርስ ነው፤ ከተማዋን የፈጠራት የጉዞ ሰሌዳ ነው። አባቱ በባቡር ጥገና ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠራ የድሬ ልጅ ጻፉ። አባት ፉጨት ሲሰማ ሰዓቱን ያስተካክላል። ልጅ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ያደገ ነው። የልጁ ግድ የለሽነት ከዚያ በኋላ የአየር ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ጎንደሬውን አልነካውም። ሽለላና ፉከራ ያልሰለቸው አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።

አነጋገሩስ?

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። በቲቪ የምናየው «የገጠር ሰው» አገሩ የት እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር መጀመሪያው ጎጃም፣ መሐሉ መንዝ፣ መጨረሻው ወሎ ነው። «ዛዲያ» እና «ኧረ ጉድ» በየመስመሩ ይደረደራሉ። ተዋናዩ አፉን ያጣምማል። የቤት ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ሊፍት ሲንቀሳቀስ ትጮኻለች። ይህ አነጋገር አይደለም፤ የከተማ ሰው ስለ ገጠር ሰው ያለው ግምት ነው።

ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው ሙሉውን በአካባቢው አነጋገር መጻፍ። እዚያ ካደጋችሁ ሞክሩት፤ ካላደጋችሁ ተዉት። ሁለተኛው ሁሉንም በአንድ አማርኛ ማናገር። ንጹሕ ነው፤ ግን ጆሮ ይራበዋል። ሦስተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ አንድ ወይም ሁለት ምልክት ወስዶ እሱን ብቻ በታማኝነት መያዝ ነው። አዲስ አበባ «እንዴት አደርክ» ሲል ጎጃምና ጎንደር ብዙ ጊዜ «እንዴት አደርህ» ይላል። አንድ ፊደል ናት። ገጸ ባሕሪያችሁ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ኖሮ ወደ «ክ» ከተሻገረ በኋላ፣ እናቱ ስትደውል ብቻ ወደ «ህ» ቢመለስ፣ ስንት ገጽ ቆጠባችሁ! ለድሬና ለሐረር ልጅ ደግሞ አንድ «ወሪያ» በቦታዋ ትበቃለች። አምስት «ወሪያ» ግን ቀልድ ትሆናለች።

(ዲያስፖራውም አዲሱ «አገር» ሆኗል። የውኃ ጠርሙስ፣ የፀሐይ መነጽር፣ በየመሐሉ የሚወረወር የፈረንጅ ቃል። ሁለት ፈረቃ ሠርቶ ለእህቱ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የሚልከው ሰውዬ የት ገባ?)

ታዲያ ለየቱ ሥራ የቱ?

የአንድ ደቂቃ ቀልድ ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ይፈትናችኋል። የምትቀልዱት በራሳችሁ አገር ከሆነ እሺ፤ የጎጃም ልጅ በጎጃሜ ሲቀልድ ሌላ ጣዕም አለው። የሌላውን ከሆነ አምስተኛውን አሳጥራችሁ ሞክሩ፤ የሚሳቅበት ሐሜተኛው ይሁን። በሰው አገር እየቀለደ የሚያዋርድ ሰው እሱ ራሱ ጥሩ ኮሜዲ ነው።

ተከታታይ ድራማ ከሆነ ጊዜ ስላላችሁ ምክንያት የላችሁም። በመጀመሪያው ክፍል በሐሜቱ ብታስገቡትም እስከ ስምንተኛው ድረስ እዚያው ካለ ጥፋቱ የእናንተ ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የረከሰው መድኃኒት ከአንድ አገር ሁለት ሰው ማስገባት ነው። አንድ ጎጃሜ ብቻ ካለ ጎጃምን ሁሉ ይሸከማል። ሁለት ከሆኑ ተመልካቹ ሳይወድ ልዩነታቸውን ማየት ይጀምራል። በ1958 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎጃም ውስጥ ነው። በዘር ሐረጋቸው የሚኮሩት ፊታውራሪ መሸሻ ጎጃሜ ናቸው። በዚያ ኩራት የሚዘባበተው ዘመዳቸው ጉዱ ካሳም ጎጃሜ ነው። በወላጆቹ ስለት የታሰረው በዛብህም እንዲሁ። ከእነዚህ ውስጥ «ጎጃሜ እንዲህ ነው» የሚያሰኘው የቱ ነው?

ረጅም ልቦለድ ከሆነ አራተኛውንና አምስተኛውን አንድ ላይ ውሰዱ። ሦስተኛውን ለጎን ሰዎች ተዉት፤ አንድ ጊዜ ገብቶ ለሚወጣ ሾፌር አገር ማውጣት አያስፈልግም። ሁለተኛውን፣ መገልበጡን፣ እኔ ለምንም አልመክርም።

የእኔ ደብተራስ? ከብዙ ጊዜ በኋላ አወጣሁት። መጀመሪያ አገሩን ልቀይር አስቤ ነበር። ጥሩ ሰበብም አግኝቼ ነበር። የቅኔ ቤት ሲባል የሚጠሩት ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ናቸው፤ ዋድላ ደግሞ ወሎ ነው። የቆሎ ተማሪ ደግሞ አገሩ አይቀመጥም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እያባረረው፣ መምህር ወዳለበት ይሄዳል። ስለዚህ የጎጃም ደብተራ የሚባለው ሰው የሸዋም የትግራይም ልጅ ሊሆን ይችላል። አገሩን ብቀይረው ግን ጎረቤቴን ሸሸሁ እንጂ ሰውየውን አልጻፍኩትም።

ጎጃሜ እንደሆነ ተውኩት፤ የደጀን ሰው አልኩት። መሪጌታነት ይገባኛል ብሎ ሲጠብቅ ለሌላ የተሰጠበት ሰው አደረግኩት። አሥር ዓመት ሰምና ወርቅ ሲፈታ የኖረ ጆሮ ሰጠሁት፤ «ደህና ዋልህ» ሲሉት እንኳን ወርቁን ይፈልጋል። አንድ ገበሬ ወንድም ጨመርኩለት። ወንድምየው የሚናገረው የሚያስበውን ነው፤ በታላቁ ያፍራል፣ ግን ሰው ሲያማው አይወድም። ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ «የጎጃም ደብተራ!» ሲል ዱላውን ያነሳው እሱ ነው።

ወረቀቱን ይዤ እንደገና ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ነበር። መሐል ላይ አንዴ ሳቁ፣ የት ላይ እንደሆነ አላየሁም። ጨርሰው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አሉ።

ደስ አለኝ። «እውነት ጋሼ?»

«አውቀዋለሁ። ግን የደጀን ሰው ያደረግኸውን አስተካክለው። ይሄ የቢቸና ሰው ነው።»